የኔታ የመረጡት መጫወቻ

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ አራተኛ ዓመት ልደት መጫወቻ ልገዛ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያወረደ፣ ይህ ማስታወስን ያዳብራል፣ ይህ ቁጥር ያስተምራል፣ ይህ ደግሞ ጣት ያፍታታል እያለ፣ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም በሙሉ ልብ ያስረዳኝ ጀመር። ሦስተኛውን ካርቶን ሲከፍተው ግን ከውስጡ የተላገ እንጨትና የኮላ ሽታ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ያ የአባቴ ሽታ ነው።

አባቴ ጌታነህ መንዝ፣ ሞላሌ ውስጥ አናጢ ነበር። በር፣ መስኮት፣ አልጋና ሣጥን ይሠራል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ያንኛውን ሣጥን ይሠራል። ቤታችን ከገበያው በላይ፣ ነፋስ በማያርፍበት ጥግ ላይ ስለነበረ ሰጋቱራው እየበነነ ልብሳችን ላይ፣ አልጋችን ላይ፣ እናቴ ስንቱን ጊዜ ብትከድነውም ወጡ ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። መጫወቻዬ የሥራው ቁርጥራጭ ነው። ከአልጋ የተረፈውንም ከሬሳ ሣጥን የተረፈውንም ሳልለይ እየደራረብኩ ቤት እሠራለሁ፣ ድልድይ እሠራለሁ፣ አባቴ ደግሞ በእግሩ ሳይነካ ዞሮ ያልፋል። መጫወቻ በሱቅ እንደሚሸጥ የሰማሁት ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሕዝቡ ድንጋይ አመላልሶ በሠራው አንድ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተልን፤ አስተማሪያችን ሰብለ የምትባል፣ ከደብረ ብርሃን የመጣች፣ ብርዳችንን ለመቋቋም ሁለት ሹራብ ደርባ የምትውል ወጣት ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ከጥቁር ሰሌዳና ከአግዳሚ ወንበሮች በቀር ምንም አልነበረም። የምንቆጥረው በባቄላ ነው፤ ሲርበን ቁጥሩ ይጎድላል። ሰብለ ይህን አይታ፣ ሕፃናት የሚማሩት በመጫወቻ ነው ብላ ለወላጆች ስታመለክት ስብሰባ ተጠራ። ያ ዘመን የስብሰባና የኮሚቴ ዘመን ነበርና፣ ከግማሽ ቀን ውይይት በኋላ አዲስ አበባ ወርዶ መጫወቻ የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። አንዷ ራሷ ሰብለ ናት። ሁለተኛው፣ እንጨት ያውቃል ተብሎ፣ አባቴ ነው። ሦስተኛው የኔታ ኃይለ ማርያም ናቸው።

የኔታ በደብሩ ቅጥር ግቢ፣ ከትልቁ የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ አባቴን ጨምሮ የሞላሌን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ጥቁሩን በርኖሳቸውን ለብሰው በሩቁ ሲመጡ የቆመ ዛፍ የሚራመድ ይመስላል። መዋዕለ ሕፃናቱ ሲከፈት ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሰብለ ሄደው ጽዱ ሥር ጥቂት ልጆች ብቻ ቀሩ። ቅር ብሏቸው ነበር። ሕዝቡም ቅሬታቸውን ስላወቀ፣ ማኩረፊያ ጊዜ እንዳያገኙ ብሎ ይመስለኛል፣ ኮሚቴው ውስጥ ከተታቸው። ሰብለ ከሚገዙት አንዱ እየተገጣጠመ ሥዕል የሚሆን እንቆቅልሽ ነው ብላ ስታስረዳ፣ የኔታ ከተቀመጡበት፣

«እንቆቅልሽ በአፍ ነው እንጂ በሱቅም ይሸጣል እንዴ?» አሉና ስብሰባው ሁሉ ሳቀ።

እኔን ጉዞው ውስጥ ያስገባችኝ ሰብለ ናት። መጫወቻ የሚመረጠው ልጅ ሲጫወትበት ታይቶ ነው አለች፤ ካሉት ልጆች ደግሞ አባቷ ኮሚቴ የሆነችው እኔ ነበርኩ።

ከመሐል ሜዳ በሚመጣው አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ተሳፈርን። ጣርማበር ላይ ጉሙ መስኮቱን አልብሶት ሾፌሩ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ሲነዳ፣ ሰብለ ስለ ቀለማት ጥቅም ትናገራለች፣ አባቴ ያንቀላፋል፣ የኔታ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠው ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ። አዲስ አበባ ወርደን መርካቶን ስናቋርጥ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ፤ «እንዳትጠፊብኝ ነው ወለተ ሥላሴ» አሉኝ። በክርስትና ስሜ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው በሚጋፋበት መንገድ የኔታ እኔን መያዛቸው ትልቅ ክብር ሆኖ ስለተሰማኝ ቀጥ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ ባለቤቱ ወፍራምና ታጋሽ ሰው። አባቴ ከገባ ጀምሮ የእንጨት መጫወቻዎቹን እያገላበጠ መጋጠሚያቸውን ያያል፤ ይሄ በምስማር ነው የተያዘው፣ ይሄ በወር ይላቀቃል እያለ ያጣጥላል። ሰብለ ባለ ብዙ ቀለም ቀለበቶችና የቁጥር ማስተማሪያ ዶቃዎች ለየች። እኔ ዓይኗ የሚከደን አሻንጉሊት አየሁና ከዚያች ወዲያ ሌላ ነገር አልታየኝ አለ። የኔታ አሻንጉሊቷን ተቀብለው ፊቷን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህች ምን ታስተምራለች?»

ሰብለ ማቀፍ ታስተምራለች አለች። የኔታ መንዝ ውስጥ ማቀፊያ ሕፃን አልጠፋም ብለው አሻንጉሊቷን መለሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ለማባበል ይሆናል፣ አንድ ኳስ አንስተው ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብለው ቀለሙ ምንድን ነው አሉኝ። ቀይ አልኩ። ይሄኛውስ? ሰማያዊ። የሚፈትኑኝ መስሎኝ እያንዳንዱን በኩራት መለስኩ፤ ሁሉንም በማወቄም እንባዬ ደረቀ።

ከዚያ ነጋዴው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የእንጨት እንቆቅልሽ አወረደ። ላምና ጥጃ የተሳሉበት፣ ደርዘን በሚያህሉ ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ነው። ሰብለ ሞክራ ጥቂት ቸገራት። አባቴ ሞከረ፤ የጥጃዋን እግር ከላሟ ቀንድ ጋር አስቀምጦ ተወው። የኔታ ቁርጥራጮቹን በበርኖሳቸው እጥፋት ተቀብለው አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጡና፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ እጃቸውን እንኳ ሳያዩ፣ የእያንዳንዱን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ይገጣጥሙ ጀመር። ነጋዴው ሌላ ደንበኛ ትቶ መጣ። ሲጨርሱ አንድም ቁራጭ አልተሳሳተም።

እኔ ብቻ አጠገባቸው ስለቆምኩ ይሆናል፣ አንድ ነገር አየሁ። ሁሉም ቁርጥራጭ ተገልብጧል፤ ላሟም ጥጃዋም ከታች ናቸው፣ ከላይ የሚታየው ባዶው እንጨት ነው።

«የኔታ፣ ሥዕሉ እኮ የለም» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። ነጋዴው ለሰብለ ሌላ ዕቃ ሊያሳይ ዞሯል፤ አባቴም ጀርባውን ሰጥቶናል። የኔታ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዝም በይ ልጄ፣ ይህ በእኔና በአንቺ ይቅር» አሉኝ። የዚያን ጊዜ ነው ዓይናቸውን በቅርብ ያየሁት፤ ብሌናቸው ላይ እንደ ወተት አረፋ ያለ ነገር ነበረበት። ከዚያ ተነሥተው ለኮሚቴው ድምፃቸውን ሰጡ።

«ልጅ በእጁ የሚያስብበት ዕቃ ይገዛ። የሚጮኸውና የሚያበራው ይቅር።»

እንቆቅልሹን፣ ሌሎች ሁለት መሰሎቹን፣ ዶቃውን፣ ቀለበቶቹንና አንድ ከረጢት ሙሉ የእንጨት ኩብ ይዘን ተመለስን። ሞላሌ ስንደርስ የወጣው ሰው ብዛት ሙሽራ የሚቀበል ይመስል ነበር። ከትልልቆቹም እንቆቅልሹን ለመሞከር የመጡ ነበሩ፤ አንድ የሚሊሻ አዛዥ ለግማሽ ቀን ጥጃዋን ፈልጎ አጥቶ፣ አንድ ቁራጭ ጎድሏል ብሎ ተከራክሮ ሄደ።

ምስጢሩን ለወራት ጠበቅኩት። ስድስት ዓመት ለሞላው ሰው ከባድ ነው። ሆኖም አልተናገርኩም፤ ደስም ይለኝ ነበር። ከሞላሌ ሰው ሁሉ እኔን መርጠው የነገሩኝ ያህል ቆጥሬው ነበርና።

በፍልሰታ ሰሞን ግን ለመዋዕለ ሕፃናቱ መጸዳጃ ቤት ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ጉድጓዱ ከደብሩ ወደ የኔታ ቤት ከሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ደጅ ስንጫወት የኔታ ከቅዳሴ ሲመለሱ አየሁ። በትራቸውን ወደ ፊት እየሰነዘሩ፣ ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ብለው፣ ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይመጣሉ። «የኔታ! ጉድጓድ!» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት እስከ ገበያው ተሰምቷል። አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ቆሙ። ከበትራቸው ጫፍ የወደቀው አፈር ታች ውሃው ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። ከዚያ ወደ ኋላቸው ተመልሰው መንገዳቸውን በበትራቸው ፈልገው ሄዱ።

ማታ፣ አባቴ መላጊያውን ሲሞርድ፣ አጠገቡ ተቀምጬ የኔታ አያዩም አልኩት። ስለ ሱቁም፣ ስለ ተገለበጠው ሥዕልም፣ ስለ ዓይናቸውም ነገርኩት። አባቴ መሞረዱን ተወ። ማን ነገረሽ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አላለኝም። «እሺ፣ ሂጂ ተኚ» ብቻ አለኝ።

በማግሥቱ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የኔታ ቤት ሄደ። የተባለውን አልሰማሁም፤ የሆነውን ግን አየሁ። የኔታ ጽዱ ሥር ብቻቸውን መቀመጣቸው ቀርቶ በየጠዋቱ ሰው እየመራቸው መዋዕለ ሕፃናቱ መጥተው ፊደል እንዲያስተምሩ ተወሰነ። ለዚህም አባቴ ፊደሎቹን በሙሉ፣ ከሀ እስከ ፐ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ከእንጨት ቆርጦ አወጣ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥምቀት ሌላ ሥራ አልያዘም፤ በሩ ያልደረሰለት ሰው ሁሉ ይወቅሰው ነበር። የኔታ እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው ዳስሰው የተበላሸውን ይመልሱበታል፤ «የዚህ እግሩ አጥሯል፣ በሩቅ የሚያየው ልጅ ለ ይለዋል» ይሉታል፣ አባቴም እንደ ድሮው ተማሪያቸው አንገቱን ደፍቶ ያርማል። ልጁ የተጠራውን ፊደል ከክምሩ ፈልጎ መዳፋቸው ላይ ያስቀምጣል፤ እሳቸው ጨብጠው ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ ወይ ይመልሱለታል። የሰብለ እንቆቅልሽና የኔታ ፊደል አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀላቅለው የሚውሉበት፣ ልጆቹ የቱ ጨዋታ የቱ ትምህርት እንደሆነ የማይለዩበት ክፍል ሆነ። ከዚያ ክፍል የወጡ ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ ማንበብ ይችሉ ነበር።

ሰው ሁሉ ደግ ሆነ አለ። እኔንም ነፍስ ያዳነች ልጅ ብለው አመሰገኑኝ። የኔታ ግን ከዚያ ወዲህ ወለተ ሥላሴ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። የጌታነህ ልጅ አሉኝ፤ በሰላምታ፣ በጨዋነት፣ ፊደሌንም ሳስቀምጥ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ እስከ መጨረሻው የጌታነህ ልጅ። ሄጄ ይቅር ይበሉኝ ማለትን ስንት ጊዜ አስቤ፣ ምን አጠፋሁ ብዬ ነው እያልኩ ተውኩት። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አረፉ። ሣጥናቸውን የሠራው አባቴ ነው።

አሁን መዋዕለ ሕፃናቱ በብሎኬት የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ላይ የታተመ ፊደል ተለጥፎበታል። ሰብለ ትዳር ይዛ ወደ ሌላ አገር ሄዳለች። የእንጨት ፊደሎቹ ሲበታተኑ፣ አንዳንዱም በክረምት ሲማገድ፣ ማንም ልብ አላለውም። ጽዱ ሥር የሚቀመጥ የለም።

ያለፈው ፋሲካ አባቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ፀሐይ ሲሞቅ አጠገቡ ተቀምጬ፣ የኔታ ለምን እንደዚያ እንደቀየሙኝ ገብቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አናጢነቱን ትቷል።

«ሁላችንም እናውቅ ነበር እኮ» አለኝ።

አልገባኝም።

«ዓይናቸው እንደደከመ ነዋ። የደብሩ አስተዳዳሪም ያውቃሉ፣ ሰብለም ታውቃለች፣ እኔም አውቅ ነበር። በሚሄዱበት መንገድ ድንጋይ የሚያነሳው ማን መሰለሽ? ያን ጉድጓድም ማታውን እሾህ አጥሬበት ነበር፤ ቀን ላይ ፍየል ገፍቶት ነው።»

«ታዲያ ባልጮህ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?»

«መጮህሽማ ደግ አደረግሽ። እኔ የምልሽ ማታ የነገርሽኝን ነው። ከነገርሽኝ በኋላ አላውቅም ማለት አልችልም። እሳቸውም እንደማናውቅ ቆጥረው መኖር አልቻሉም።»

ይህን ሲለኝ የሞላሌ ሰው የኔታን ሲያገኝ ሰላምታ የሚያቀርብበት መንገድ ትዝ አለኝ። ገና ከሩቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እኔ እገሌ ነኝ የኔታ፣ እንደምን ዋሉ፣ እንግዲህ ቁልቁለቱ ድጥ ነው፣ ይል ነበር። የአገራችን ሰው ጮሆ ሰላምታ መስጠት ይወዳል ብዬ ለዓመታት ለባዕድ ሰው ሁሉ አውርቻለሁ። አሁን የምኖርበት ሕንፃ አራት ፎቅ ነው፤ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ ጎረቤቶቼ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ፣ እኔም ነቅንቄ አልፋለሁ። ከመካከላቸው የማያይ ሰው ቢኖር አላውቅም።