አራተኛ ቀን

ጦርነቱ ከመርሳ ከተማ በራቀ በሁለተኛው ሳምንት፣ መካኒኩ ሲራክ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ቱታውን ይዞ መናኸሪያው አጥር ሥር ልብስ ወደሚሰፉ ሴት ሄደ። አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለዋል። የስፌት መኪናው ጭድ ውስጥ ተደብቆ የከረመ ነው።

«ሥራ ከጀመሩ ቆዩ?» አላቸው።

«ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ድሮ ቁልፍ ብቻ ነበር የምተክለው።»

ስፌቱ ጠመመ። ማንም ሳይነግራቸው ፈትተው እንደገና ጀመሩ፤ በሦስተኛው ቀጥ አለ።

«ለሥራ ልብስ የፊተኛውም ይበቃ ነበር እኮ፣ እናቴ።»

«ለአንተማ ይበቃሃል፣ ልጄ። ባለቤቴ ከሄደበት ሲመለስ ደንበኞቼን አበላሸሽብኝ እንዳይለኝ ብዬ ነው።»

ሲራክ ቱታውን ገልብጦ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር አየና፣ «እሳቸውም እንከን አያወጡለትም» አላቸው።