ለመላጊያው የተጠራ ዋስ

ያን ቀን በመርሳ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ የነበርነው ሰባት ነን። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ታጥቆ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ከጎኑ ከአውራጃው፣ ከወልዲያ የመጣ ካኪ የለበሰ ሰውዬ አለ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር የሆነችው የልጅነት ጓደኛዬ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ልጇ ከኋላዋ ቆሟል። ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ የጨረሱት ጎረቤቴ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አድርገው አግዳሚው ላይ አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ልጄ፣ ከልጄ ቀጥሎ እኔ። የልጄ አባት በድርቁ ዓመት ሞቷል እንጂ እሱም ይኖር ነበር። ሁሉንም የምጽፈው በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም» ያሉ ስላሉ ነው።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ጊዜው ሄዷል። ለየቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አቅርቡ የሚል ኮታ ይመጣል፤ ኮታው ካልሞላ ታጣቂዎቹ በገበያ ቀን ያገኙትን ጎረምሳ ያፍሳሉ። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ሥራ ፈት ልጅ ደግሞ ዓይን ውስጥ ይገባል። በገበያ ቀን ከደጅ አላስወጣውም ነበር። አስፋልቱ ላይ መኪና ሲቆም ከሰማሁ ጓዳ ግባ እለዋለሁ። እሱ ይስቅብኛል።

«እማ፣ የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር መኪና ነው እኮ። እሱ የሚያፍሰው ማሽላ ነው።»

ይህን ጭንቀቴን ጓደኛዬ ታውቃለች። ከውርጌሳ በላይ አንድ መንደር ተወልደን፣ አንድ ዓመት ተድረን መርሳ የገባን ነን። ልጄን እንደወለድኩ ወባ ጥሎኝ ጡቴ ሲደርቅ፣ የራሷን ልጅ በአንዱ ጡቷ፣ የኔን በሌላው ይዛ ያጠባችልኝ እሷ ናት። በእኛ በእስላሞቹ ዘንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድማማች ናቸው፤ ያጠባችውም እናት ናት። ልጄ እሷንም እማ እያለ ነው ያደገው።

አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆማ ነገረችኝ። አውራጃው ወልዲያ ላይ ለወጣቶች የእንጨት ሥራ ማሠልጠኛ ከፍቷል። ከቀበሌያችን ሁለት ልጆች ይሄዳሉ። እዚያው እየበሉ፣ እዚያው እያደሩ ሙያ ይማራሉ፤ ሲጨርሱ በኅብረት ሥራ ማኅበር ይደራጁና የተማሪ ዴስክ ይሠራሉ፤ ዴስኩን አውራጃው ይገዛቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠልጣኝ በኮታው አይቆጠርም። የራሷንም ልጅ እንደምትልክ ስትነግረኝ ልቤ ዐረፈ። ከልጇ አጠገብ ካለ ልጄ ምን ይሆናል?

በአዳራሹም ካኪ ለባሹ ይህንኑ ደገመው። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ የእንጨት መላጊያ፣ መጋዝና መሮ ይሰጠዋል፤ ዕቃ ይዞ የጠፋ ስለነበረ ግን ቤት ያለው ዋስ ያስፈልጋል አለ። ሽማግሌው ሳልለምናቸው ተነሡ። «ቆርቆሮ ቤት አለኝ፣ እኔ እበቃለታለሁ» ብለው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። እኔ መሠረተ ትምህርት ጨርሼ፣ በማታ እስከ አራተኛ ደርሼ ስለነበር ወረቀቱን ስጡኝ ላንብበው አልኩ። ፊደሉን እየለቀምኩ አነበብኩት። መላጊያው አለ። መጋዙ አለ። መሮው አለ። ስለ ልጄ አንድም ቃል የለም።

ሰው ፊት መናገር የማልደፍር ሴት ነኝ፤ ያን ቀን እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«ለመላጊያው ዋስ ጠርታችኋል» አልኩ። «ለልጄስ ዋሱ ማን ነው?»

ካኪ ለባሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩም «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ማን ይሰርቀዋል? እንደ መጋዝ ገበያ ወጥቶ አይሸጥ» አለኝ። ልጄ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ያኔ ጓደኛዬ ተነሣችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ዋሱ እኔ ነኝ። ጡቴን ጠብቷል። ወላሂ፣ እሱን የነካ እኔን ነካ።»

ከዚህ ወዲያ ምን እጠይቃለሁ? እንዲህ ያለ ቃል ከተሰጠ በኋላ መጠርጠር ነውር ነው። ወረቀቱን መለስኩላቸው።

ማሠልጠኛው ውሸት አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር። ልጄ እውነትም ሙያ ተማረ። ለዒድ ሲመጣ ልብሱ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። የግራ እጁን አውራ ጣት መዶሻ መቶት፣ ጥፍሩ መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ ሁለት ሆኖ በቅሎ ነበር። ሳይ ደነገጥኩ። «የአናጢ ማኅተም ነው» ብሎ ቀለደብኝ። ከአሠልጣኙ አስፈቅዶ መላጊያውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ የቤታችን በር ክረምት በመጣ ቁጥር እያበጠ መሬት ይጎትታል፣ እሱን ሊያስተካክልልኝ ነው። በሩን ነቅሎ ግቢው ውስጥ አጋደመና ከላይ ጀምሮ ላገው። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ሲወድቅ ሽማግሌው አጥራቸው ላይ ተደግፈው ያዩት ነበር። «አብሽሪ» አሉኝ፣ «ይኼ ልጅ ቤት ሠርቶ ይድርሻል።» እንዲህ ሲያስቁን አውቶቡሱ ደረሰ። የታችኛው ጠርዝ ሳይላግ በሩን መልሶ ገጠመው። በሳምንቱ እመጣለሁ ብሎ መላጊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ተወው።

በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ የጓደኛዬ ልጅ ከአውቶቡስ ሲወርድ አየሁት። ለብቻው ነው። ሮጬ ጠየቅሁት፤ አያቱ ስለታመመች እናቱ እንደላከችበት ነገረኝ። አያቱን ጠዋት ወፍጮ ቤት ተራ አይወሰድብኝም ብላ ስትጣላ ትቻታለሁ። እርጅና ነው፣ በድንገት ያሳምማል ብዬ ስኳር ይዤ ልጠይቅ ሄድኩ። አያትየዋ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። «ማን ታሞ ነው ስኳሩ?» አለችኝ። ጓደኛዬ ከቤት ወጥታ ትንሽ አሟት ተሻላት አለች። ዓይኔን ግን አላየችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአውቶቡስ ረዳት ለመንገድ ዳር ነጋዴዎች ሲያወራ ሰማሁ። ጎህ ሲቀድ ካሚዮኖች የወልዲያውን ማሠልጠኛ ከበው ልጆቹን ጭነዋል። ወደ ወልዲያ ሲመለስ በዚያው አውቶቡስ ሄድኩ። የግቢው በር ተከፍቷል። እግር ያልገባላቸው ዴስኮች ተደርድረዋል፤ በቆርቆሮው ያለው ሙጫ ገና አልደረቀም። ዘበኛው አንድም እንዳልቀረ፣ በስም እየጠሩ እንደጫኑ፣ ወደ ደሴ እንደሄዱ ነገረኝ። የየቀበሌው ኮታ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ነበር የጠበቃቸው። ማንም ገበያ ለገበያ መሮጥ አላስፈለገውም።

በማግሥቱ ጓደኛዬ ደጅ ቆምኩ። አልጮህኩም።

«ልጅሽን ጠራሽ» አልኳት። «ለምን ሁለቱንም አልጠራሽም?»

መጀመሪያ አላወቅሁም ነበር አለች። ቀጥላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ነው እውነቱ የመጣው፤ በኮሚቴው ስብሰባ ሰምታለች። አንዱ ቢጎድል ቤተሰብ ታሞበት ነው ይባላል፤ ሁለቱም ቢጎድሉ ማን እንደነገራቸው ይታወቃል።

«ለኔ ብትነግሪኝ እኮ እኔው እጠራው ነበር» አልኳት።

«አዎ» አለችኝ። «ብነግርሽ ትጠሪው ነበር።»

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ በልቤ ያላመላለስኩበት ቀን የለም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉና ሽማግሌው ቀበሌ ተጠሩ። ከማሠልጠኛው ዕቃ አንድ መላጊያ ጎድሏል፣ ዋሱ አንቱ ነዎት ተባሉ። እሳቸው አልጋዬ ሥር እንዳለ አያውቁም። ሊቀመንበሩን እንዲህ አሉት አሉ፦ «ጌታዬ፣ መላጊያውን የሰጣችሁት ለልጁ ነው። ልጁን የወሰዳችሁበት ቦታ ጠይቁት።» በዚህ አፋቸው ታሰሩ። ሚስታቸው ወደ እኔ መጥታ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችኝም። እኔ መላጊያውን ላልሰጥ ወስኜ ነበር። የልጄ እጅ የነካው ነው፤ የበደሉኝም እነሱ ናቸው። ግን የሰው ባል በኔ ምክንያት መታሠሩን አልቻልኩም። በጠቀለለው ጨርቅ እንዳለ ይዤ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ጨርቁን ፈታና ስለቱን በጣቱ ሞከረ። «ደህና ነው፣ አልተጎዳም» አለ። ደረሰኝ ጻፈ፤ ሽማግሌውንም አስጠራ። ጓደኛዬ በመስኮቱ በኩል፣ በዚያችው ቦታዋ ተቀምጣለች።

«የመላጊያው ዋስ ተፈታ» አልኩ። «የልጄ ዋስ ግን እዚህ አለች። እሷን የሚጠይቅ የለም?»

በዚህኛው ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ሽማግሌው ክንዴን ይዘው አወጡኝ፤ መንገዱን ሙሉ ለምን ሰጠሻቸው ብለው ተቆጡኝ። «አንቱ ታሥረው እኔ እንዴት ልደር፣ አባባ?» አልኳቸው።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በደሴው መንገድ አንድ ሁለት እያለ በእግሩ ይመለስ ጀመር። ውኃ ይዤ መንገድ ዳር እየቆምኩ ያለፈውን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ፣ በሰሜን በኩል ለቁስለኞች አልጋ የሚሠራ የወሎ ልጅ አይቻለሁ አለኝ። ጥፍሩን አይተሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው አላስተዋልኩም አለ። ሽማግሌው ያን ዓመት ነው የሞቱት። የጓደኛዬ ልጅ አሁን መርሳ ላይ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል። አንድ ክረምት የራሱን መላጊያ ይዞ መጣ፤ የበሩን የታችኛውን ልጨርስልሽ አለኝ። በእሱ አልፈርድበትም፣ የልጄ ወንድም ነው። ሻይ አጠጣሁት። በሩን ግን ተወው አልኩት። እናቱን ለቅሶ ቤት አገኛታለሁ፤ ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ ሌላ ነገር የለንም።

በዚያ ዘመን ከወልዲያ ማሠልጠኛ የተጫነ፣ አናጢነት የሚችል፣ የግራ እጁ አውራ ጣት ጥፍር መሀል ለመሀል የተሰነጠቀ የመርሳ ልጅ ያያችሁ፣ አብራችሁት የነበራችሁ ወይም የቀበራችሁት ካላችሁ፣ የት እንዳለ እባካችሁ ንገሩኝ።