ፔና ሁለት ያገኘችበት ፈተና

ፔና ራሽኮቫ የጎርኖ ፖሌን ንባብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስትወለውል የበሩን አፍ የምትወለውለው መጨረሻ ላይ ነበር። ያውም ሆን ብላ። መጽሐፍ ሊመልስ የመጣ ሰው ውስጡ እርጥብ ነው ተብሎ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ቆሞ ቀረ ማለት ደግሞ የፔና እጅ ገባ ማለት ነው።

«እህ፣ እንዴት ነው መጽሐፉ?» ትላለች መወልወያዋን ተደግፋ።

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩማ ሾርባም ጥሩ ነው። ሰውዬው ወንድሙን ለምን ከዳው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አክስቴ ፔና! አውቶቡስ ያመልጠኛል!»

«ያምልጥህ፣ ሌላ ይመጣል። ወለሉን ግን ብትረግጥ ወየውልህ!»

ፔና ሦስተኛ ክፍል ሳትጨርስ ነው ወደ ትምባሆ ማሳ የተላከችው። ፊደል ትቆጥር ነበር እንጂ አታነብም ነበር። ማንበብ የተማረችው በክርክር ነው። ጫማ ሰፊው ጋሽ ቶንቾ፣ ያ ነገረኛ፣ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ሲላት «ወይ ፍንክች፣ አይልም!» ትለዋለች። አይልም ካሉ ደግሞ ገልጦ ማሳየት ግድ ነው። መጀመሪያ አንዱን ገጽ ለማግኘት ሳምንት ይፈጅባት ነበር፤ ኋላ ኋላ እሱ መነጽሩን ሳያጠልቅ እሷ ገጹን አግኝታ «ይኸው!» ትለው ጀመር።

የንባብ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ በእሳቸው ቦታ ፔና እንድትተካ ጻፉ። ማዘጋጃ ቤቱ መቼ እንዲህ በቀላሉ ይለቃል! የስምንተኛ ክፍል ወረቀት ታምጣ፣ ካላመጣች ከአውራጃው ሰው እንልካለን አለ። ሊላክ የታሰበውን ሰውዬ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሠራበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚሰቅለው «ዝምታ!» የሚል ሰሌዳ ነው። ፔና ያንን ስታስብ አንጀቷ አረረ። በሃምሳ ዓመቷ ለግል ተፈታኝነት ተመዘገበች፣ ሂሳቡንም ታሪኩንም እየተንገዳገደች አለፈች። የቀራት የሥነ ጽሑፍ የቃል ፈተና ብቻ ነበር።

በሰኔ ጠዋት ገባች። በጠረጴዛው ላይ ወረቀቶች ተገልብጠው ተደርድረዋል። አንዱን ታነሳለህ፣ ሃያ ደቂቃ አፍህን ዘግተህ ትዘጋጃለህ፣ ከዚያ እነሱ ይጠይቃሉ፣ አንተ ትመልሳለህ። ደንቡ ይኸው ነው። የፈታኞቹ ሊቀመንበር ጓድ ካራሊዬቭ ይባላል፤ አብራው የተቀመጠችው የሂሳብ መምህሯ ዲሚትሪና ናት።

ፔና አነሳች። የባለ ወፍጮው ታሪክ! ልቧ በደስታ ዘለለ። ጎርፍ ወፍጮውን ያፈረሰበት ሰውዬ ነው፤ አንድ ሀብታም ወፍጮውን ጠግኖለት ሴት ልጁን ለሚስትነት ጠየቀው፣ እሱም ሰጠ። በዚህ ታሪክ ከጋሽ ቶንቾ ጋር ስንቴ ተኳርፈዋል!

«ባለ ወፍጮው ልጁን ለምን ሰጠ?» አለ ካራሊዬቭ።

«መጀመሪያ ያነበብኩት ጊዜ አለቀስኩለት» አለች ፔና። «ጋሽ ቶንቾ ደግሞ ምን ያድርግ፣ መንደሩ ሁሉ ዱቄት ይጠብቃል አለኝ። አመንኩት። ኋላ ፖስታ አዳይዋ ስላቭካ መጣችና፣ ‹ሰውዬው ልጅቷን አንድ ቀን እንኳ አናግሯታል?› አለችኝ። ብድግ ብዬ ገጽ በገጽ ፈለግኩ። ከፈረሱ ጋር ያወራል። ከቄሱ ጋር ያወራል። ከወንዙ ጋር ሳይቀር ያወራል! ከልጁ ጋር አንድ ቃል የለም። ጥፋቱ ይኸው ነው። ለመሆኑ እርስዎ ቢሆኑ ይሰጡ ነበር?»

ካራሊዬቭ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጓዲት ራሽኮቫ፣ እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

«ይጠይቁ፣ ማን ከለከለዎት? ግን ይመልሱልኝም እንጂ። እኔ ከግድግዳ ጋር ማውራት አልችልበትም።»

«እኔ አልሰጥም ነበር!» አለች ዲሚትሪና ሳታስበው፣ አፏንም በእጇ ያዘች።

ጉድ ፈላ! ካራሊዬቭ ጆሮው ድረስ ቀላ። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመናት። «ይስሙኝ እስቲ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን መልስ ይበሉልኝ፣ ሦስት ልስጥዎት። ሦስት ያሳልፋል። ሥራውን ያገኛሉ፣ እኔም ምሳዬን እበላለሁ።»

ፔና ቃል በቃል ታውቀው ነበር። ተነስታ፣ እጇን በጎኗ አድርጋ፣ አንድ ፊደል ሳታዛንፍ በቃሏ አወረደችው፤ ባለ ወፍጮው የተጨቆነው መደብ ምሳሌ ነው፣ ምርጫም አልነበረውም። ካራሊዬቭ እፎይ ብሎ ብዕሩን አነሳ።

«ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ሦስት።»

«ለየትኛው?»

«አሁን ላሉት ነዋ።»

«እሱ የእኔ አይደለም። የመማሪያ መጽሐፉ ነው። ሦስቱን ለእሱ ይስጡት።»

«ሴትዮ! ሥራው እኮ ያመልጥዎታል!»

ያንን ሥራ ከምንም በላይ ትፈልገዋለች። «አውቃለሁ» አለች። «እዚያ ቤት ገብቼ፣ ሰውን ሁሉ ‹አንተ ምን ትላለህ?› እያልኩ ልጠይቅ፣ መግቢያዬ ግን የማላምንበት ቃል ይሁን? አላደርገውም። ለራሴ መልስ የሚገባኝን ይጻፉ።»

ሁለት ጻፈ። በሁለት ማንም አያልፍም።

የአውራጃው ሰውዬ ለጊዜው ተብሎ ተላከ፤ በማግስቱም ሰሌዳው ተሰቀለ። ፔና መወልወያዋን ይዛ በገዛ ቤቷ ዱዳ ሆነች። እሰይ፣ ተሸነፈች ያሉ ነበሩ፤ አላወቋትም! ውስጥ ማውራት ከተከለከለ ብላ የውጭውን ደረጃ ትወለውል ጀመር። ሰውዬው በመስኮት ብቅ ብሎ «ዝም በይ!» ሲላት «ሰሌዳህን አምጥተህ ሰማይ ላይ ስቀለው!» ትለዋለች። ሐምሌ ሳያልቅ ደረጃው ላይ የሚቆመው ሰው ውስጥ ከሚቀመጠው በለጠ። እንዲያም ሆኖ ሥራው የሰውዬው ነው፤ መስከረም ላይ ዳግም ተፈትና ካላለፈች ሊጸናለት ነው።

ለፈተናው ቀን ስላቭካ ሸሚዟን አዋሰቻት። ጋሽ ቶንቾ ደግሞ ጫማዋን በነጻ ጠግኖ፣ «እባክሽ የዛሬን ብቻ የሚሉሽን በይ» ብሎ ለመናት። ይህን የሚለው ቶንቾ ነው፣ ይታያችሁ!

«አንተን ‹አይልም› ስልህ ኖሬ ለእነሱ ‹ይሁን› ልበል?» አለችውና ሄደች።

ያው ክፍል፣ እነዚያው ፈታኞች። ፔና እጇን ወደ ወረቀቶቹ ስትዘረጋ ካራሊዬቭ ሁሉንም ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው።

«ይቀመጡ» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አሳጥተውኛል። መጽሐፉን ደግሜ አነበብኩት። ሰውዬው ልጁን ያላናገራት ስላፈረ ነው። አባት ነኝ፣ አውቀዋለሁ። እርስዎ እንደ ንቀት ቆጥረውበታል፣ ተሳስተዋል።»

ሁሉ ነገር በዚህች ደቂቃ ላይ ተንጠልጥሏል። «አዎ ጓድ፣ ልክ ነዎት» ብትል አበቃ፣ አለፈች። ዲሚትሪና ከጎን ሆና በዓይኗ እሺ በይ፣ እሺ በይ ትላታለች።

«አፍሮ ነው?» አለች ፔና፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች። «ማፈሩን ለፈረሱ ነግሮታል እኮ! ለፈረስ የተነገረ ነገር ለልጅ የማይነገርበት ምክንያት ምንድን ነው? እስቲ ያሳዩኝ፣ የቱ ገጽ ላይ ነው?»

ካራሊዬቭ መጽሐፉን ገለጠ። ገለጠና አንድ ቦታ ጠቆመ፤ እሷ ከሥሩ ያለውን መስመር ጠቆመችበት። ዲሚትሪና ወንበሯን ይዛ መሃላቸው ገባች። ሌሎቹ ተፈታኞች በሩን አንኳኩተው አንኳኩተው ሰለቻቸው። እኩለ ቀን ሲሆን ካራሊዬቭ ላቡን ጠረገና ወረቀቷ ላይ አምስት ጻፈ። ከፍተኛው ስድስት ነው።

«ስድስት ያልሰጠሁዎት» አለ እያለከለከ፣ «ስለተሳሳቱ ነው!»

ፔና ቀለሙ እንዲደርቅ ወረቀቱን እፍ እፍ አለችና አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«የተሳሳትኩበትን ገጽ ይዘው ሐሙስ ጎርኖ ፖሌ ይምጡ» አለችው። «ንባብ ቤቱን የምከፍተው እኔ ነኝ።»