አፌን ያሸተተው ሰው

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ድንኳኑ ጥግ ላይ ንፍሮዬን ይዤ እንደተቀመጥኩ የማውቀው ሳል ተሰማኝ። አያ ደሴ ነው፤ የቀድሞ ባሌ ታላቅ ወንድም። አርጅቷል፤ ወሬው ግን አላረጀም። የቤንዚን ነገር ተነስቶ ኖሮ፣ "ድሮ ፒካፓችን ቤንዚን አልጠግብ ስትል እንዴት አድርጌ እንዳዳንኳት ላጫውታችሁ" ብሎ ጀመረ። ሲጨርስ ሰዉ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ። እሱም በከዘራው ወደ እኔ ጠቆመና "እሷም ነበረች፣ ትመስክር" አለ።

ንፍሮው አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ። የሰው ሐዘን ነውና ዝም አልኩ። እዚህ ግን እመሰክራለሁ።

ይጁቤ ከተማ የተዳርኩት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ነው። የባሌ ቤተሰብ እህልና ሰው ወደ ማርቆስ የምታመላልስ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረቻቸው። የሚነዳት አያ ደሴ ነው። ቤንዚኑ ከማርቆስ በጀሪካን እየመጣ ጓዳ ይቀመጣል፤ የጓዳው ቁልፍ ያለው እኔ ዘንድ ነው። መከራዬ የመጣው በዚያ ቁልፍ ነው።

ያን ዓመት መኪናዋ የጠጣችውን ጠጥታ አልረካ አለች። ሳምንቱን ያዘልቅ የነበረው ጀሪካን በሁለት ቀን ይንጠፈጠፋል። የቤቱ ሹክሹክታ እኔ ስገባ ይቆማል፣ ስወጣ ይቀጥላል። አምበር ከተማ ወፍጮ ያለው ወንድም አለኝ፤ ለእሱ ትልካለች ተባለ። የወንድሜ ወፍጮ የሚሠራው በናፍጣ እንጂ በቤንዚን አይደለም ብዬ ለባሌ ነገርኩት። "ያው ነዳጅ አይደለም?" አለኝ።

አባቴ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሾፌር ነበር። መኪና ሲፈታ አጠገቡ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። እና ማንም ሳያየኝ የራሴን ምርመራ ጀመርኩ። ማታ ከታንኩ ሥር አመድ ነስንሼ አደርኩ፤ ጠዋት አመዱ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ አታፈስም። መኪናዋ ወደ ማርቆስ ስትወጣ ደጅ ቆሜ አየኋት፤ ዳገቱ ላይ እያቃሰተች፣ ከኋላዋ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ጭስ ትተፋለች። አባቴ እንዲህ ያለ ጭስ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈትሸው አየር የሚገባበትን ነበር። ኮፈኑን ልክፈት ብል ግን ማን ያስጠጋኛል? ሴት የነካችው ሞተር እንደማይነሳ አያ ደሴ በየጠላ ቤቱ የሚሰብክ ሰው ነው።

በሁዳዴ አንድ እሁድ ሽማግሌ ተጠራ። የሚበሉትን ሽሮ የሠራሁት፣ የሚጠጡትን ጠላ የጠመቅሁት እኔ ነኝ። የባቄላ ሽሮዬን እየጠቀለሉ ሌባ ነሽ አይደለሽም ይማከራሉ። በመጨረሻ ከነገ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ደጁን ይዤ እንድምል ወሰኑ። በእኛ አገር እውነት ይዞም ቢሆን መማል ያስፈራል። ከማልኩ ቤተሰቤ ያፍርብኛል፤ አልምልም ካልኩ ሌባ ነኝ።

አያ ደሴ ግን መሐላውንም አልጠበቀም። ብድግ ብሎ መጣና "ቤንዚን የሚሰርቅ በጎማ በአፉ ነው የሚስበው። አፍሽን ክፈቺ" አለኝ። ያ ሁሉ ሽማግሌ እያየ ጎንበስ ብሎ አፌን አሸተተኝ። የጢሙ ላብና የጠላው ግሳት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ባሌ መፋቂያውን እያኘከ መሬት መሬት ያያል።

እንባዬ ሊመጣ ሲል ዋጥኩትና "ጨረሱ?" አልኩት። "እንግዲህ አያ ደሴ፣ የእኔን አሽትተዋል። የመኪናዋንም አፍ ከፍተው ያሽትቱልኝ።"

አንድ ሽማግሌ ሳቁ። "ልክ ብላለች፤ የጠጣችው እሷ አይደለች? ክፈታት እስቲ።"

ሁሉም ወጥተው ከበቧት። ኮፈኑ ሲነሳ አየር በሚገባበት አፍ ላይ አንድ ነገር ታስሯል። አሮጌ ጋቢ ነው፣ ታጥፎ ታጥፎ በሲባጎ የተጠፈረ። በይጁቤ መንገድ አቧራና በዘይት ተለውሶ እንደ እበት ጠጥሯል።

"ይኼ ምንድነው?" አሉ ሽማግሌው።

"በኅዳር ውርጭ አልነሳ ብላኝ... ብርድ እንዳይመታት ነው ያለበስኳት።"

"ምን አራስ አደረግሃት!"

ሲባጎውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ተነሳ፤ ትንሽ አስነጠሰና ጭሱ እየሳሳ ጠፋ። በማግስቱ ማርቆስ ደርሳ ስትመለስ የወትሮውን ግማሽ እንኳ አልጠጣችም።

መሐላው ቀረ። ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም። ጭራሽ ታላቅ ሰው በአደባባይ አሳፍረሻልና ጉልበቱን ሳሚ ተባልኩ። ሳምኩ። ሱሪው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የእሱን ማን ያሸታል?

ክረምቱ ሳይገባ ቁልፉን የጓዳው በር ላይ ሰክቼ አምበር ገባሁ። ባሌ የሚያስታርቀን ሰው ላከ፤ ራሱ አልመጣም።

ከለቅሶው ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጢም ብሏል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሰው በሰው ትንፋሽ ታፍኗል። የጎኔን መስኮት ከፈትኩት።

"እማማ፣ ነፋስ ይመታናል፣ ይዝጉልን እንጂ!" አለኝ ከኋላዬ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ጎልማሳ።

ዞር ብዬ ጋቢውን አየሁት። መስኮቱ እንደተከፈተ አምበር ገባን።