ሁለቴ የሚጫን ጣት

በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ናዝሬት ውስጥ ከገበሬ ማኅበራት አትክልት በሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አንድ ቀን የጽሕፈት መኪናዬን አንስተው ኮምፒውተር አስቀመጡልኝ። ኮምፒውተሩን ተከትሎ ውጭ አገር የተማረ ፕሮግራመር መጣ። ሲ በሚባል ቋንቋ ፕሮግራም ጽፏል፤ ጽፎም በራሱ ተደንቋል።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ «ስንት ኩንታል?» ይላል፤ ቁጥሩን ጽፌ ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ እጫናለሁ። እሱም እያጉረመረመ ዲስኩ ላይ ይመዘግብና «ከየትኛው ማኅበር?» ይላል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት በታይፕ አንቀጽ ስለይ መስመሩን ሁለቴ መግፋት የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ኢንተርንም ሁለቴ ደለቅ አደርጋታለሁ። ሁለተኛዋ ምት እንደ ወጉ አትጠፋም። ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቅና፣ የማኅበሩ ስም ሲጠየቅ ከኔ ቀድማ ባዶ መልስ ትሰጣለች። በዚህ ዓይነት ከዓለም ጤና ከተማ ገበሬዎች የመጣው ሽንኩርት ሁሉ ባለቤት አልባ ሆኖ ተመዘገበ።

ይህን ያኔ ማን ነግሮኝ። ፕሮግራመሩ ሲሞክረው ይሠራል፣ እኔ ስነካው ይበላሻል። «እህቴ፣ ችግሩ ጣትሽ ነው» አለኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ሥራ አስኪያጁም ሰምተው ቡልቡላ ቅርንጫፍ እንድዛወር ወሰኑ፤ እዚያ ገና በታይፕ ነው የሚሠራው። ዓይኗ የደከመ እናቴ ሟች ባሏ ከሠራላት ቤት ንቅንቅ አልልም ባይ ናት፤ ለማን ጥያት ልሂድ?

ከመሄዴ በፊት ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ራሳቸው ሊያዩት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ቁጥር ጻፉ፤ ከዚያም ኢንተርን ልክ ማኅተም እንደሚመቱ አውራ ጣታቸውን ጭነው ያዙት። ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ደግሞ ምቱ ራሱን ይደጋግማል። ጥያቄዎቹ ተራ በተራ ብቅ እያሉ፣ ባዶ መልስ እየተቀበሉ አለፉ። ሽንኩርቱ ቀርቶ ድንቹም ቲማቲሙም ባለቤት አጣ።

ፕሮግራመሩን ዞሬ አየሁት። እስቲ አሁንም «ጣትዎ ነው» ይበል ብዬ ጠበቅኩ። ላቡን ጠረገና፣ «ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው» አለ። አይ ጣት፣ ለካ አንተም ማዕረግ አለህ።

በማግስቱ ፕሮግራሙ ላይ ጥቂት መስመሮች ጨመረ። ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በፊት ቆም ይልና፣ ሳይጠየቅ የተጠራቀመውን ምት ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ እኔም እንደ ልማዴ ሁለቴ እየደለቅኩ ሽንኩርቱን ከነባለቤቱ መዘገብኩ። ዝውውሬም ተሰረዘ።

ከሥራ እንደ ተመለስኩ ለእናቴ «ቡልቡላ መሄዱ ቀርቷል» አልኳት። አልጋዋ ሥር ጎንበስ አለችና አንድ ጥቅል ጎትታ አወጣች፤ ቋጠሮውን በእጇ እየዳበሰች ትፈታ ጀመር። ለኔ ያሰረችልኝ መስሎኝ ልረዳት ቀረብኩ። ውስጡ ያለው ልብስ ሁሉ የራሷ ነበር።

«ብቻሽን የምለቅሽ መስሎሽ ነበር?» አለችኝ።