ሂተሬን ዝም ያሰኘሁበት ቅዳሜ

እኔ መዝገቡ ዳላስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ነድቻለሁ። መጀመሪያ ታክሲ፣ ኋላ ደግሞ የኤርፖርት ሻትል። «ሞተር በድምፁ ብቻ በሽታውን እነግርሃለሁ» እያልኩ ስንቱን ሰው አሰልችቻለሁ መሰላችሁ! ያ ሁሉ ጉራ አንዲት ሻንጣ የምታህል ሂተር ፊት ውሃ በላው።

ባለፈው መስከረም ዳላስ ዳር ሳክሲ ካለው ከልጄ ከሄቨን ቤት ወጣሁና ሜስኪት ከተማ፣ ሰው የሚኖርባቸው መኪኖች የሚቆሙበት አንድ የአርቪ ፓርክ ውስጥ ኑሮዬን በጎማ ላይ አደረግኩ። «ነፃነት ፈልጌ ነው» አልኳት። ከፋት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ብቻ ሆነ። በጥር ብርዱ ሲገባ ግን ደወለችልኝ። «ቅዳሜ አንተ ጋ እውላለሁ። ማለቴ፣ ቤቱን ማየት አለብኝ። ካልሞቀ ትመለሳለህ፣ ኦኬ?»

«ኧረ ላብ በላብ ነው እዚህ!» አልኳት።

ይህን ስላት ውጭ ቆሜ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው። ለምን ውጭ? ሂተሩ ሲነሳ አውሮፕላን ሶፋዬ ስር የተነሳ ነው የሚመስለው። «ምንድነው የሚጮኸው?» እንዳትለኝ በደወለች ቁጥር ወደ ደጅ እሮጣለሁ። ቤቴ ሙቅ መሆኑን ለማስረዳት ብርድ ላይ የምቆም ሰው ከእኔ ሌላ ካለ አስተዋውቁኝ።

ለመመለስ ደግሞ ሞቼ ነው የምገኘው። ስለዚህ ጎረቤቴን ጆኒን አማከርኩት። ዘጠኝ ክረምት በአርቪ የኖረ ጡረተኛ ነው። ከሂተሩ ስር ጎማ አነጠፍን፣ የላላውን ብሎን አጠበቅን፣ ሂተሩ የተቀመጠበት ሳጥን ግድግዳ ላይ ስፖንጅ ለጠፍን። ጩኸቱ ትንሽ በረደ። ጆኒ ሲሄድ ሶፋው ስር ያለውን ፍርግርግ ቀዳዳ አሳየኝና «በዚህ ነው አየር የሚስበው፤ እንዳትደፍነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ብተወው ምን ነበር? ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ቅዳሜ ጠዋት ቀዳዳው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ የቀረው ጩኸት ሁሉ የሚወጣው በዚያ ነው። እግሬንም ንፋስ ይልሰኛል። ንፋስ! እኛ እኮ በግንቦት ሙቀት ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተውን ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ የምናይ ሕዝብ ነን። ፈረንጅ ንፋስ እንደሚመታ የት ያውቃል? ጋቢዬን አራት አጥፌ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅኩት፤ ፊቱ ላይ የታሸገ ውሃ ካርቶን ደረደርኩበት። ሂተሩ ጭጭ አለ። ለራሴ አጨበጨብኩ።

ሄቨን ምሳ ይዛ መጣች። ዞር ዞር ብላ አየችና «በጣም ጸጥ ያለ ነው» ስትል ደረቴን ነፋሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ሙቀት በሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ቀዝቃዛ አየር ይነፋ ጀመር። ለካ ሂተር ሲታፈን ውስጡ ይግልና ራሱን ለማዳን እሳቱን ያጠፋል፤ ፋኑ ግን መንፋቱን አይተውም። በገዛ ጋቢዬ ሂተሩን ቬንትሌተር አድርጌዋለሁ ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት ኋላ ጆኒ እየሳቀብኝ ሲያስረዳኝ ነው።

«ዳዲ፣ በረደኝ» አለች።

«ከውጭ ስለመጣሽ ነው። እኔማ አላበኝ!» ብዬ ሹራቤን አወለቅኩ። ምን ቆርጦኝ ነው የማምነው! አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ በሸሚዝ ብቻ ቁጭ ብዬ እንጀራ እጎርሳለሁ።

ልጄ ነርስ ናት። እጄን ያዘች፣ ከንፈሬን አየች፣ ተነሳች። ሙቀት የሚወጣበትን ሁሉ በመዳፏ እየዳሰሰች ሶፋው ጋ ስትደርስ ካርቶኑን ገፋችና ጋቢዬን ጎትታ አወጣችው።

«ዳዲ! ይሄ ምንድነው?»

«ንፋስ እንዳይመታሽ ብዬ ነዋ።»

«ሂተሩን ቾክ አደረግከው እኮ! አፍነኸዋል!»

ጥቂት ቆይቶ እሳቱ ተያያዘ። ሙቀቱ መጣ፣ ጩኸቱም ከነቤተሰቡ ተመለሰ። እሷም ተረጋግታ ከመቀመጥ ይልቅ በጩኸቱ ላይ መጮህ ጀመረች።

«ለምንድነው ከቤት የወጣኸው? ትክክለኛውን ንገረኝ!»

«ነፃነት!»

«ምን?»

«ነፃነት አልኩሽ!»

«ውሸት!»

እኔ ከተናደድኩ አፌ አይታዘዘኝም። ባለ በሌለ ጉልበቴ «ሁለቱ ልጆችሽ አንድ ክፍል ተጣብበው እኔ ሌላውን ይዤ ስተኛ ዓይኔ እያየ እንዴት ልቀመጥ? ሸክም ሆኜብሻለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ቤቱ የሚፈልገውን ሙቀት ያገኘው ልክ እዚያ ላይ ነው። ሂተሩ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ፣ የእኔ «ሸክም ሆኜብሻለሁ» በጸጥታው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። የጆኒ ውሻ እንኳ ከጎረቤት ደንግጦ ጮኸ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን ይደረግ?

 ሄቨን በቀስታ፣ «እኔ ደግሞ አስቀይሜህ ነው የወጣኸው ብዬ በየቀኑ አለቅሳለሁ» አለች። «ክፍልህ እስካሁን ባዶ ነው፣ ዳዲ። ልጆቹ አሁንም አብረው ነው የሚተኙት። ግቡበት ስላቸው እምቢ አሉ። የሱ ነው ይላሉ።»

ክው አልኩ። አራት ወር ሙሉ ለእነሱ ብዬ የተንቀጠቀጥኩበት ክፍል ባዶውን ተቀምጧል።  ተነሳሁና የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ቴርሞስታቱን፣ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት።

«በረደህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ሂተሩ ማጓራት እስኪጀምር ጠበቅኩና፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንዳትሰማኝ አለቀስኩ።