የሰሌዳው ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ሰመራ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ አስፋልቱ ዳር ያስተከለውን አዲስ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። «አክስቴ፣ የሚያልፈውን መኪና በሙሉ ካሜራው ይቆጥርልኛል» አለኝ።

«ስንት ሰው ያየዋል?» አልኩት።

«ያለፈ ሁሉ ያየዋላ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሄደ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የተቀጠርኩበት የማስታወቂያ ድርጅት ከአዋሽ ወደ ገዋኔ መውጫ ላይ ስለ ወባ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ተክሎ ነበር። በጥቅምት ከደጋ ወርደው መልካ ወረር ጥጥ ለቀማ ለሚሄዱ ሠራተኞች የተሠራ ነው፤ አጎበር ውስጥ የተኛ ሰው ተስሎበታል። የእኔ ሥራ አሥር ቀን እዚያ ተቀምጬ የሚያልፈውን መኪናና ሰው መመዝገብ ነበር።

ሙቀቱ ደብተሬን እንኳ ያግል ነበር። መጠለያዬ ሻይ የምትሸጠው የፋጡማ ዳስ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት ትሰጠኛለች፤ ያንን ጣዕም እስካሁን አልረሳሁትም። በሦስተኛው ቀን ሠራተኞች የጫነ መኪና እየተዘፈነበት ሲያልፍ ራሷን ነቀነቀች።

«ሲሄዱ እንዲህ ናቸው። ሲመለሱ ወላሂ፣ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ።»

ከዚያ ወዲህ መኪናውን ትቼ ሰዎቹን ማየት ጀመርኩ። ክፍት የጭነት መኪና ላይ የተቀመጡት ሁሉ ነፋሱንና አቧራውን ሽሽት ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረዋል። ሥዕሉን የሚያየው ሹፌሩ ብቻ ነው። እነሱ የሚያዩት፣ ካለፉ በኋላ፣ የሰሌዳውን ባዶ ቆርቆሮ ነው። ደብተሬ ላይ በሠራተኞቹ ረድፍ «ያየ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ አቶ ሙሉጌታ በስምንተኛው ቀን መጥቶ ደብተሬን ሲያይ ተቆጣ።

«ያለፈውን ቁጠሪ ተባልሽ እንጂ ማን አስተያየት ጠየቀሽ? አስተካክይው!»

ሊወስደው እጁን ዘረጋ። ደብተሩን ግን አልሰጠሁትም። «አላስተካክልም። መጀመሪያ አብረዋቸው ይጫኑ» አልኩት።

እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ፋጡማ ግን ሻይ ሊጠጣ የቆመ ሹፌር ጠርታ ለመነችልን። አቶ ሙሉጌታ ከእልህ የተነሳ ከነከራቫቱ ጭነቱ ላይ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። መኪናው ፈጠን ሲል አቧራው ዓይኑ ውስጥ ገባና ሳያስበው ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። ዓይኑን ሲገልጥ ባዶው ቆርቆሮ ፊት ለፊቱ ቆሟል። የሹፌሩን ጋቢና መደብደብ ጀመረ። «አቁም! አቁም!»

በሦስት ቀን ውስጥ ጀርባውም ተሳለ፣ «አጎበር ሳትይዙ አትሂዱ» የሚል ጽሑፍም ታከለበት፤ እኔም ውጤቱን ሳላይ አልሄድም ብዬ ቆየሁ። መጀመሪያ ባለፈው መኪና ላይ አንድ ረጅም ወጣት ጽሑፉን ጮክ ብሎ ለጓደኞቹ አነበበላቸው። ትንሽ እንደሄዱ መኪናው ቆመ። ሁሉም አልወረዱም። አምስት ሆነው እየሮጡ መጡና «አጎበር የሚሰጠው የት ነው?» አሉ። ፋጡማ ሻይዋን ትታ ጤና ጣቢያው ድረስ ወሰደቻቸው።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ልጅ ነገርኩት። ከእነዚያ አምስት ሰዎች ስንቱ በጤና እንደተመለሰ አላውቅም፤ ያንን እንድቆጥር የላከኝ አልነበረም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፦ በዚያ ዕድሜዬ ደብተሬን አስተካክዬ ቢሆን ኖሮ፣ ለአቶ ሙሉጌታም ለእኔም ነገሩ ሁሉ ያማረ ይመስለን ነበር፤ ሠራተኞቹም ምንም ሳያዩ እየዘፈኑ ያልፉ ነበር።